ኖኅ ዌብስተር፤ የቃላትን ጅራት ያቃና መምህር

በእንግሊዝኛ ድርሰት ጽፎ ለመምህሩ ያስረከበ ሁሉ የቀይ እርሳስን ነገር ያውቃል። ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያ ዓመቱ ኦነር፣ ማለት ክብር፣ የሚለውን ቃል በኦ፣ በዩ፣ በአር ጨርሶ ቢጽፈው መምህሩ ዩዋን በቀይ ሰርዘው መለሱለት። በሁለተኛው ዓመት፣ አሁንስ ተምሬያለሁ ብሎ ያለ ዩ ቢጽፈው፣ ሌላው መምህር ደግሞ ያችኑ ፊደል በቀይ አስገቡለት። እንዲህ ሆኖ ልጁ ስለ አንዲት ፊደል ሁለት ጊዜ ማርክ ከፈለ። እኛም በመኝታ ቤታችን ስንስቅበት ካመሸን በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሣ። የቃል መጨረሻ እንዲህ ይጻፍ፣ እንዲያ ይነበብ ብሎ የፈረደው ማን ነው? ከሰማይ የወረደ ሕግ ነው ወይስ ሰው ያወጣው?

ይህን ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ብንመረምር ነገሩ በአብዛኛው ወደ አንድ ሰው አደረሰን። ሰውየው ኖኅ ዌብስተር ይባላል። ስሙን በመዝገበ ቃላት ጀርባ ላይ ያላየ ተማሪ የለም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን። ከመጨረሻው አንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዌብስተር የተወለደው በጥቅምት ወር 1758 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ ምዕራባዊ ቀበሌ ነው። ያን ጊዜ አገሩ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረ። አባቱ ገበሬና በቤተ ክርስቲያንም የሚያገለግል ሰው ነበር። ልጁ ከእርሻው ይልቅ ለመጽሐፍ የሚያደላ መሆኑን ባየ ጊዜ እርሻውን በዕዳ አስይዞ በ1774 ዓ.ም. ወደ ዬል ኮሌጅ ላከው። ይህ ዕዳ ኋላ አባትየውን ከእርሻው አፈናቀለው። እኛም ከየአውራጃው መጥተን በዚህ ግቢ የምንማር ሰዎች፣ አባት ለልጁ ትምህርት ሲል በሬውንና መሬቱን ሲያጣ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ኮሌጅ በገባ በዓመቱ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ተጀመረ። ምግብ በመጥፋቱ የዬል ተማሪዎች ወደ ገጠር ከተሞች እየተበተኑ ይማሩ ነበር። በ1777 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል በርጎይን ከሰሜን በዘመተ ጊዜ ዌብስተር ከአባቱና ከወንድሞቹ ጋር ከአገሩ ሚሊሻ ጋር ተሰለፈ፤ ግን ከውጊያው ሳይደርስ ጠላት እጁን ሰጠ። በ1778 ዓ.ም. ተመርቆ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ አባቱ ዋጋው የወደቀ የስምንት ዶላር የወረቀት ገንዘብ አስጨብጦ ከእንግዲህ ለራስህ ዕወቅ ብሎ አሰናበተው። የሃያ ዓመት ጕልማሳ፣ ዲግሪ በእጁ፣ ሥራ የሌለው፣ ወደ ቤትም መመለስ የማይችል ሆነ። እንዲህ ያለ ተመራቂ በአሜሪካ ብቻ የታየ አይደለም።

ዌብስተር ሕግ አጥንቶ በ1781 ዓ.ም. ለጥብቅና ቢፈቀድለትም ባለጉዳይ አላገኘም። ስለዚህ የእንጀራ ነገር ሆኖበት የሕፃናት አስተማሪ ሆነ። በየትምህርት ቤቱ ያየው ነገር ልቡን አቆሰለው። ክፍሎቹ ጠባብና ብርድ የበዛባቸው፣ ልጆቹ የተጨናነቁ ነበሩ፤ መጽሐፉም ከእንግሊዝ አገር የመጣ፣ ቶማስ ዲልዎርዝ የተባለ መምህር ያዘጋጀው አሮጌ የፊደል መማሪያ ነበር። አገሪቱ ነጻ ለመውጣት ደሟን እያፈሰሰች፣ ልጆችዋ የእንግሊዝ ከተሞችን ስም እየቈጠሩ ንባብ ይማሩ ነበር። በ1782 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት ጎሽን በምትባል ትንሽ ከተማ ሲያስተምር፣ ቀን ከልጆች ጋር እየዋለ ሌሊት አዲስ የፊደል መማሪያ ይጽፍ ጀመር።

አሁን ወደ ቃላት ጅራት እንመጣለን። በእንግሊዝኛ በቲ፣ በአይ፣ በኦ፣ በኤን የሚያልቁ ቃላት እጅግ ብዙ ናቸው፤ ኔሽን፣ ማለት ሕዝብ፣ ከእነሱ አንዱ ነው። የዲልዎርዝ መጽሐፍ ይህን መጨረሻ ቲ ብቻውን፣ ኦን ብቻውን ብሎ በሁለት ክፍል ይቈርጠው ነበር። ሕፃኑም ና፣ ቲ፣ ኦን እያለ ሦስት ክፍለ ቃል አድርጎ ይደረድራል። በቤቱ ግን እናቱ ኔሽን ስትል ይሰማል። በመጽሐፉ ያለውና ከእናቱ አፍ የሚሰማው አልገናኝ ሲለው መጽሐፍ ማለት ከኑሮ ውጭ የሆነ ነገር ይመስለዋል። ዌብስተር ግን ይህ መጨረሻ አንድ ክፍለ ቃል ነው፣ የሚነበበውም ሽን ተብሎ ነው ብሎ ደነገገ። ቃሉም የሚከፈለው አፍ በሚከፍለው መሠረት ሆነ። ለእኛ ይህ ነገር ቀላል ሊመስለን ይችላል። ለሕፃኑ ግን የሰማውን በጽሑፍ የሚያገኝበት በር ተከፈተለት ማለት ነው።

መጽሐፉ በ1783 ዓ.ም. በሃርትፎርድ ታተመ። መጀመሪያ የታተመው 5,000 ቅጂ አንድ ዓመት ሳይሞላ አለቀ። ኋላ ልባሱ ሰማያዊ ስለ ሆነ ሕዝቡ ሰማያዊ ጀርባ ይለው ጀመር። ግን መጽሐፍን ማንም አታሚ ያለ ፈቃድ እያተመ የሚሸጥበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ዌብስተር ከግዛት ግዛት እየዞረ ለደራሲ መብት ሕግ እንዲወጣ ባለሥልጣኖችን ደጅ ይጠና ነበር። በዚህ ጉዞ በ1785 ዓ.ም. ጆርጅ ዋሽንግተንን በቤቱ ጐበኘ። በየከተማው ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ይናገራል፤ ገንዘብ ሲያጥረው መዝሙር ያስተምራል፤ ጊዜ ሲተርፈው የከተማውን ቤቶች ይቈጥራል። የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የደራሲ መብት ሕግ በ1790 ዓ.ም. ሲያወጣ የዚህ ሰው ድካም አልተረሳም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዩዋን ከኦነር ያወጣ ሰው እየተባለ የሚነገርለት ዌብስተር፣ በ1783ቱ መጽሐፉ መቅድም ላይ ይህችን ፊደል የሚጥሉትን ሰዎች ይነቅፍ ነበር። የእንግሊዙን ሊቅ የሳሙኤል ጆንሰንን የ1755 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ተከትሎ ይጽፍ ነበርና። አሳቡን ያስለወጠው የብዙ ዓመት ማሰላሰልና ከትልቁ ሽማግሌ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ጋር መገናኘቱ ነው። ፍራንክሊን በ1768 ዓ.ም. ለእንግሊዝኛ ስድስት አዳዲስ ፊደሎች ፈጥሮ ነበር። አንድ ድምፅ በአንድ ፊደል ይጻፍ ማለቱ ነው። ሥራውን ዌብስተር እንዲፈጽምለት ቢጠይቀው፣ ዌብስተር የአሳቡን ሥር ተቀበለ፤ አዲሶቹን ፊደሎች ግን ሕዝቡ አይቀበላቸውም ብሎ ተዋቸው። ባሉት ፊደሎች ተጠቅመን ትርፉን እንቀንስ አለ። ይህንም በ1789 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ፤ መጽሐፉንም ለፍራንክሊን መታሰቢያ አደረገው። በዚያው ዓመት ርቤካ ግሪንሊፍን አገባ፤ ስምንት ልጆችም ወለዱ።

በወጣትነት ቸኵሎ በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው የድርሰት ስብስብ ውስጥ ብዙ ቃላትን እንደ ድምፃቸው ብቻ ጻፋቸው። አንባቢ ሳቀበት፤ ወዳጆቹም አፈሩለት። ዌብስተር ከዚህ አንድ ነገር ተማረ። ሰው ዓይኑ የለመደውን በአንድ ቀን አይጥልም። ስለዚህ ሁሉን ከመለወጥ ይልቅ፣ ቋንቋው ራሱ ያወጣውን ደንብ ፈልጎ ከደንቡ የወጡትን ጥቂቶች ብቻ ወደ ደንቡ መመለስን መረጠ። ይህን አካሄዱን በ1806 ዓ.ም. ባወጣው ትንሽ መዝገበ ቃላት ውስጥ እናያለን።

ደንቡን በምሳሌ እንየው፤ ለፈተናም ይጠቅመናልና። ሌበር፣ ማለት ድካም፣ በእንግሊዝ አገር በኦ፣ በዩ፣ በአር ያልቃል። ግን ከእሱ የሚወጣው ሌቦሪየስ፣ ማለት አድካሚ፣ ዩ የለውም። ከኦነርም የሚወጣው ኦነራሪ እንዲሁ ነው። ልጁ ያለ ዩ የሚኖር ከሆነ አባቱስ ስለ ምን ይሸከማታል? ዌብስተር ጣላት። ሁለተኛ፣ ዲፌንስ፣ ማለት መከላከል፣ በሲና በኢ ሲጻፍ ሳለ ዲፌንሲቭ ግን በኤስ ይጻፋል፤ ስለዚህ ሁለቱንም በኤስ አደረጋቸው። ሦስተኛ፣ ሙዚቃ ማለት የሆነውን ቃል ጆንሰን በሲና በኬ ይጨርሰው ነበር፤ ሚውዚካል ሲባል ግን ኬ የለችም። ዌብስተር ኬን አወጣት፤ በእንግሊዝ አገርም ይህች ኬ ወድቃ ቀርታለች። አራተኛ፣ ሴንተርና ቲያትር ከፈረንሳይ እንደ መጡ በአርና በኢ ይጨርሱ ነበር። ቼምበርና ነምበርም ከፈረንሳይ የመጡ ናቸው፤ እነሱ ግን ከቆየ ዘመን ጀምሮ ኢን ከአር አስቀድመዋል። ዌብስተር ሴንተርንና ቲያትርን እንደ ቼምበርና እንደ ነምበር አደረጋቸው። ኤከር የተባለው የመሬት ልክ ግን በአርና በኢ እንዳለቀ ቀረ፤ ከሲ ቀጥሎ ኢ ቢመጣ ሲ ወደ ኤስ ድምፅ ስለሚዞር ነው። ዌብስተር ይህንን በኬ ለመጻፍ ቢሞክርም የሰማው የለም።

አምስተኛው ደንብ ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው ነው። በቃል ላይ ኢንግ ወይም ኢዲ ስንጨምር የመጨረሻዋን ፊደል መቼ እንደግማለን? ድምፅ የሚጫነው በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ሲሆን እንደግማለን፤ ቢጊን፣ ማለት ጀመረ፣ ጭነቱ በመጨረሻው ላይ ስለ ሆነ ኤንዋ ሁለት ትሆናለች። ትራቭል፣ ማለት ተጓዘ፣ ግን ጭነቱ በመጀመሪያው ላይ ነው፤ እንደ ደንቡ ኤልዋ አንድ መሆን ነበረባት። እንግሊዞች ግን ኤልን በልማድ ይደግሟታል። ዌብስተር ደንቡ ለኤልም ይሠራል ብሎ አንድ አደረጋት። እነሆ በአሜሪካና በእንግሊዝ መጻሕፍት መካከል የምናየው ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው።

የተሸነፈባቸውም ብዙ ናቸው። በእንግሊዝኛ በቃል መጨረሻ ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ኢ ሥራ አላት፤ ፊን፣ ማለት የዓሣ ክንፍ፣ ኢ ሲጨመርበት ፋይን ይሆናል። እሷ ራሷ ሳትሰማ የፊተኛውን አናባቢ ድምፅ ትለውጣለች። በዲተርሚን፣ ማለት ወሰነ፣ መጨረሻ ያለችው ኢ ግን ምንም አትለውጥም። እንዲያውም አንባቢውን ዲተርማይን ብሎ እንዲያነብ ታታልለዋለች። ዌብስተር ሥራ ፈት ናት ብሎ በ1806 ዓ.ም. አስወጣት። ምክንያቱ እውነተኛ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን አልተከተለውም፤ ኢዋም ተመልሳ ከቦታዋ ተቀመጠች። ታንግ፣ ማለት ምላስ፣ እና ዊመን፣ ማለት ሴቶች፣ እንደሚሰሙ ይጻፉ ማለቱም እንዲሁ ቀረ። ምክንያት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

ከ1807 ዓ.ም. ጀምሮ ትልቁን መዝገበ ቃላት ያዘ። ሥራው ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ዙሪያውን ክብ በሆነ ጠረጴዛ ላይ የየቋንቋውን መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ደርድሮ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ፣ የእያንዳንዱን ቃል ሥር ይፈልግ ነበር። ለዚህም ሲል ከሃያ የማያንሱ ቋንቋዎች አጠና። ከነዚህም አንዱ የእኛው ግዕዝ ነው። በ1828ቱ መዝገበ ቃላት የቃላትን ምንጭ በሚያስረዳበት ስፍራ ከዕብራይስጥ፣ ከሶርያና ከዓረብኛ ቃላት ጐን የኢትዮጵያን ቃል እየጠቀሰ እናገኘዋለን። ይህን ባየን ጊዜ ደስ አለን። ሆኖም እውነቱን መናገር ይገባናል። ቋንቋዎች ሁሉ ከባቢሎን ግንብ በፊት ከነበረ አንድ ቋንቋ ወጡ ብሎ ስላመነ፣ በዘመኑ በጀርመን የተነሣውን የቋንቋ ሳይንስ ችላ አለው። ስለዚህ ስለ ቃላት ምንጭ የጻፈው አብዛኛው ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ በ1864ቱ እትም ማን የተባለ የበርሊን ሊቅ በሌላ ተካው። የቃላትን ትርጕም በመግለጽ ግን የሚወዳደረው ጥቂት ነበር።

በ1824 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ኬምብሪጅ ሄደ። በጥር 1825 ዓ.ም. በኬምብሪጅ በኪራይ ክፍሉ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል ሲጽፍ እጁ ተንቀጥቅጦ መጻፍ አቅቶት ነበር። ጽፎም ከጨረሰ በኋላ ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ቆየ። ዕድሜው 66 ነበር። ከእንግሊዝ ንጉሥ ቋንቋ ነጻ እንውጣ ያለው ሰው መጽሐፉን የጨረሰው በእንግሊዝ አገር መሆኑ አስቂኝ ዕድል ነው።

መዝገበ ቃላቱ 70,000 ቃላት ይዞ በሁለት ቅጽ በ1828 ዓ.ም. ታተመ። የታተመው 2,500 ቅጂ፣ ዋጋውም 20 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ዘመን ውድ ነው። በሚከተለው ዓመት አማቹ ቻውንሲ ጉድሪች አሳጥሮ ሲያወጣው ብዙዎቹን የአጻጻፍ ለውጦች ወደ ልማዱ መለሳቸው፤ ሽማግሌውም አዘነ። በባሕርዩም ኵሩና ተከራካሪ ስለ ነበረ ጠላት አላጣም። ሁለተኛውን እትም ለማውጣት ግን አባቱ እንዳደረገው እሱም ቤቱን በዕዳ አስያዘ። በግንቦት 28 ቀን 1843 ዓ.ም. በኒው ሄቨን ከተማ በ84 ዓመቱ ሲሞት ባለዕዳ ነበር። ያልተሸጠውን መጽሐፍና የማሳተሙን መብት ጆርጅና ቻርልስ ሜሪያም የተባሉ ወንድማማቾች ገዙት።

ትንሹ ሰማያዊ ጀርባ ግን እሱ ከሞተም በኋላ በሚሊዮን እየታተመ ቀጠለ። ፍሬድሪክ ዳግላስ በባርነት ሳለ፣ ባሪያን ማስተማር ነውርና ወንጀል ተብሎ በሚታይበት አገር፣ ይህን መጽሐፍ በኪሱ ይዞ በባልቲሞር መንገድ ላይ ከሚያገኛቸው ነጮች ልጆች ፊደል ይለምን ነበር። ቡከር ዋሽንግተንም ከባርነት ነጻ በወጡ ጊዜ እናቱ ያመጣችለት የመጀመሪያ መጽሐፍ ይኸው ነበር። ዌብስተር መጽሐፉን ሲያዘጋጅ እነዚህን ልጆች አላሰባቸውም። የቃላት መጨረሻ እንደ አፍ ልማድ መከፈሉ ግን አስተማሪ ለሌለው ልጅ መጽሐፉን ራሱን አስተማሪ አደረገለት።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም በፊደላችን ላይ ክርክር አለን። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ ይቀነሱ የሚሉ አሉ፤ የቃሉን ሥር ይነግሩናልና አይነኩ የሚሉም አሉ። በእንግሊዝኛ አንዱ ፊደል ብዙ ድምፅ ይሰጣል፤ በእኛ ደግሞ አንዱ ድምፅ ብዙ ፊደል አለው። በዚህ ጉዳይ ላይ እዚህ አንፈርድም። የዌብስተር ሕይወት የሚያሳየን ግን፣ ፊደል በክርክር ብዛትም በትእዛዝም አይቃናም። የሚቃናው ልጅ የሚማርበት መጽሐፍ ሲጻፍና መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ ነው። በአገራችንም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ደከሙበት፤ ከእሳቸውም አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሰዎች በተራ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ነው። ከእኛ መካከል ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ሀና ሐ የሚሟገት እንጂ፣ አንድ ገጽ የቃል ትርጕም ጽፎ የሚያድር እስካሁን አላየንም። እኛንም ጨምሮ ነው።

ስለ ቀዩ እርሳስ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። የአሜሪካውንም ሆነ የእንግሊዙን አጻጻፍ መምረጥ ይቻላል፤ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይገባም። መምህሩም የትኛውን እንደሚፈልጉ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለበትም። ያ ማርኩን ሁለት ጊዜ የከፈለው ጓደኛችንም አሁን ኦነርን ያለ ዩ መጻፍ መርጧል። ዛሬ ግን ለምን እንደሚጽፈው ያውቃል።